ከጤፍ ማሳ የወጣው ብረት

ብረቱ የመጣው በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። ሦስት ሰዎች ይዘውት መጡ። አንደኛው የአገር ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቢሆንም አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ከረጢቱን መሀል ወለሉ ላይ አኖሩት። ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ድረስ በሚኒባስ ሲመጡ ማንም ለብቻው እንዳይዘው ተማምለው ነበር።

እኔ የብረታ ብረት ሥራ መምህር ነኝ። ወርክሾፓችን ውስጥ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ግራይንደርና አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አለን። «ከሰማይ የወረደ ብረት አገኘን» የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ይህኛው ግን ሁለት ወንድማማቾችን ሆድና ጀርባ አድርጎ ስለመጣ ከዳር እስከ ዳር በጥንቃቄ መረመርነው። እንዲህ ያለ ነገር እጃቸው ላይ ላለ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ሂደቱን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ታናሽየው ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ ሲያርስ ማረሻው ቃ ብሎ ቆመ። ድንጋይ መስሎት በዶማ ቆፍሮ አወጣው። የሰው ጭንቅላት አያክልም፤ ለማንሳት ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ከላይ እስከ ታች ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የወጣበት ቦታ የወንድማማቾቹ መሬት የሚገናኝበት ድንበር ላይ ነው። እዚያው ድንበር ላይ ከሁለት ክረምት በፊት መብረቅ አንድ ግራር ሰንጥቆ ነበር። ሰው ሁለቱን ነገር ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀበትም። «መብረቁ የጣለው ነው» ተባለ።

ከዚያ አንድ ተማሪ በስልኩ የሜትሮራይት፣ ማለትም ከጠፈር ምድር ላይ የወደቀ አካል፣ ፎቶ አሳየ። ተቆርጦ የተወለወለ ብረት ላይ የተጠላለፉ መስመሮች ያሉበት ፎቶ። ቀጥሎ ደላላ መጣ። «በሚሊዮን ይሸጣል» አለ። ነገር ከረረ። ታላቅየው «ከኔ መሬት ነው የወጣው» አለ፤ ታናሹም «ያወጣሁት እኔ» አለ። ሽማግሌዎች ገብተው ብረቱ እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዲቀመጥ አደረጉ።

«መምህር፣ እንግዲህ አንቱ እዩልን» አሉኝ ሽማግሌው። «ከሰማይም ይሁን ከምድር ቁርጡን ማወቅ ነው የፈለግን። ልጆቹ እንደተኳረፉ ክረምቱ ሊወጣ ነው።»

ወሬ ሲያወሩ በመሀል አንድ ነገር ጣል አድርገው አለፉ። ብረቱን መጀመሪያ የአካባቢው ባለ እጅ አይቶት ነበር። ጠርዙን በመዶሻ ሲመታው እንደ ገል ተሰብሮ ወደቀ። «ይኼ አይቀጠቀጥም፣ ለኔ አይሆነኝም» ብሎ መለሰላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ያኔውኑ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም። ማሰብ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ማግኔት አስጠጋን፤ ጠብ አለ። ይህ ብዙም አይናገርም። ማግኔት የሚይዘው ተራ ብረትንም፣ ማግኔታይት የሚባለውን ማዕድንም፣ ሜትሮራይትንም ነው። ጎጃም ውስጥ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ እንኳ ማግኔትን በትንሹ ይስባል።

ሁለተኛው ክብደትና ይዘት ነው። ሚዛን ላይ 11.4 ኪሎ ሆነ። ባልዲ እስከ አፉ ውኃ ሞላንና ብረቱን በገመድ አንጠልጥለን አስገባነው። የፈሰሰውን ውኃ ለካን፤ 1.6 ሊትር። ሲካፈል በሊትር ከ7.1 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ባዛልት 3 ገደማ ነው፤ ማግኔታይት 5.2 ነው። ስለዚህ ድንጋይ እንዳልሆነ ተረጋገጠ፤ ብረት ነው። የብረት ሜትሮራይት ግን 7.8 ገደማ ይመዝናል። በዚያ ሒሳብ የሚፈሰው ውኃ 1.46 ሊትር መሆን ነበረበት። ልዩነቱ የአንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ነው። ባልዲ ሲሞላ ትንሽ እጅ ቢንቀጠቀጥ የሚፈጠር ስሕተት ነውና በዚህ ብቻ መፍረድ አልፈለግሁም።

ስለዚህ መቁረጥ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ወንድማማቾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ሁለቱም እምቢ አሉ። ዋጋው ይቀንሳል ብለው ፈሩ። ሽማግሌው ናቸው ያግባቧቸው። እውነተኛ ሜትሮራይትም ቢሆን የሚታወቀው ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በአሲድ ተበልቶ እንደሆነ ሥዕል አሳየኋቸው። ስልኩ ላይ ያዩት ፎቶም የተቆረጠ ነበር።

ሞርሳ ላይ አስረን በሴጌቶ ጀመርን። በእጅ የቆረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ግራይንደር ብረቱን ያግለዋል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ውስጡ ያለው ጥልፍ ሊበላሽ ይችላል። ተማሪዎቼ እየተፈራረቁ እስከ ማታ ጎተቱ። ወለሉ ላይ የረገፈው ነገር ዓይኔን ሳበው። ለስላሳ ብረት ሲቆረጥ ጥቅልል ያለ ብናኝ ይሰጣል። ይህ ግን ጥቁር ዱቄት ነበር። በጣቴ ሳሸው እንደ መጻፊያ እርሳስ አጠቆረኝ። እርሳስ ውስጥ ያለው ነገር ግራፋይት ነው፤ ካርቦን። ጥርጣሬዬ ያን ጊዜ አንድ ደረጃ ወጣ።

በማግስቱ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ወለወልነው። በ120 ቁጥር ጀመርን፤ 240፣ 400፣ 600 እያልን እስከ 1000 ደረስን። በየደረጃው አቅጣጫውን 90 ዲግሪ ማዞር ያስፈልጋል፤ ያለፈው ጭረት መጥፋቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ፊታችን ሊታይበት ደረሰ።

አሲዱ 100 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ ነው። አሲዱ ወደ አልኮሉ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ከዚህ በላይ ማወፈር አደገኛ ነው፤ ተሠርቶም ተዘግቶ አይቀመጥም። መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ መስኮት ይከፈታል። እባካችሁ ይህን ቤት ውስጥ በባትሪ አሲድ አትሞክሩት።

በጥጥ ነክሬ የተወለወለውን ፊት አሸሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መስተዋቱ መጉደፍ ጀመረ። ግራጫ ደመና ወጣ። ከደመናው ውስጥ መስመሮች ብቅ አሉ፤ መስመሮቹን ሌሎች መስመሮች አቋረጧቸው። ታናሽየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ይኸው! ፎቶው ላይ ያለው!» አለ። ታላቅየውም ተጠጋ። ደላላውም ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ዋጋ ይጨምር ነበር።

እውነትም ይመሳሰላል። ጉዳዩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው።

ፎቶው ላይ ያለው ጥልፍ ዊድማንሽቴተን ይባላል። ቪየና የሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ የሸክላ ፋብሪካ ኃላፊ የነበሩት አሎይስ ቮን ዊድማንሽቴተን እ.ኤ.አ. በ1808 የሜትሮራይት ቁራጭ በእሳት ሲያግሉ አዩት። ከእሳቸው ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1804 ኔፕልስ የነበረው እንግሊዛዊ ዊልያም ቶምሰን ዝገት ሊያጸዳ ናይትሪክ አሲድ ሲያፈስ ይኼንኑ አይቶ ጽፏል። ስሙ ግን ለዊድማንሽቴተን ቀረ። በኔ እምነት ለቶምሰንም ሊጠራለት ይገባ ነበር።

የጥልፉ ምክንያት ኒኬል ነው። የሜትሮራይት ብረት ሁልጊዜ ኒኬል አለው። ጠፈር ውስጥ በሚዞር ትልቅ አካል ሆድ ውስጥ ጠጣር ሆኖ ሲቀዘቅዝ አንድ ዓይነት የነበረው ብረት ለሁለት ይለያያል፤ ኒኬል ያነሰው ካማሳይት፣ ኒኬል የበዛው ቴናይት። ካማሳይቱ በቴናይቱ ውስጥ በዝርግ ሳንቃ መልክ ያድጋል። ሳንቃዎቹ የሚዘረጉት በአራት የተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ነው። አሲድ ካማሳይትን ቶሎ ይበላዋል፤ ቴናይት ይቋቋማል። ለዚህ ነው ባንድ የሚባሉት ሰፋ ያሉ መስመሮች ተጠላልፈው የሚታዩት። ኒኬሉ ከ6 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን፣ ወይም ደግሞ እንደ ናሚቢያው ሆባ 16 በመቶ ያህል ሲደርስ፣ ይህ ጥልፍ በዓይን አይታይም። 60 ቶን የሚገመተው ሆባ እውነተኛ ሜትሮራይት ነው፤ ቆርጠን ብናስበላው ግን ፎቶ ላይ እንዳለው አይሆንም።

አስደናቂው ጊዜው ነው። ኒኬል ጠጣር ብረት ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ነው። ብዙዎቹ የብረት ሜትሮራይቶች የቀዘቀዙት በሚሊዮን ዓመት ከጥቂት አስርት እስከ ብዙ ሺህ ዲግሪ በሚሆን ፍጥነት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ባንድ ለመሥራት ይኼን ሁሉ ዘመን ወስዶበታል። ማንም ፋብሪካ ይህን ያህል ሰፊ ጥልፍ አስመስሎ መሥራት ያልቻለው ለዚህ ነው።

ወደኛ ብረት እንመለስ። «መስመሮቹ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ» አለ አንድ ተማሪዬ፤ «ዊድማንሽቴተን ደግሞ 60 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ አይደለም።» ጥሩ አየ፤ ምክንያቱ ግን አይበቃም። የዊድማንሽቴተን ማዕዘን እንደ አቆራረጡ ይለያያል። በአንዱ በኩል ሲቆረጥ ሦስት አቅጣጫ በ60 ዲግሪ ይታያል፤ በሌላ በኩል ሲቆረጥ ሁለት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይቋረጣል። ማዕዘን ብቻውን አይፈርድም።

ማጉያ መነጽር ሰጠሁት። «መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው» አልኩት። ዊድማንሽቴተን ባንድ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱን ብዙም አይለውጥም። እኛ ያየነው ግን ግንድ አለው። ከግንዱ ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ይወጣል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ይቀጥናል። ከቅርንጫፉም ሌላ የቀጠነ ይወጣል። ባንድ አይደለም፤ ዛፍ ነው።

ማረጋገጫው ከተቆረጠው ፊት አንድ ጥግ ላይ ተደብቆ ነበር። ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። ብርሃን ወደ ውስጥ ሳበራ ጫካ አየሁ። ከብረት የተሠሩ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ጽድ የሚመስሉ ዛፎች ቆመዋል። ቅርንጫፎቻቸው መስቀለኛ ናቸው። ይህ በቀለጠ ብረት ውስጥ ብቻ የሚበቅል ነገር ነው። ስሙም ዴንድራይት ነው፤ ዛፍ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የቀለጠ ብረት ሲረጋ ስለሚኮማተር መጨረሻ የሚረጋው ቦታ ፈሳሹ ይጎድልበታል። ባዶው ክፍተት ውስጥ ዛፎቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። የሩሲያው የብረት ሊቅ ድሚትሪ ቼርኖቭ 100 ቶን ከሚመዝን የብረት ብሎክ ክፍተት የወጣ 39 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ዛፍ ነበራቸው።

ዛፍ የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህን ሽማግሌው ራሳቸው ጠየቁኝ። የሚረጋ ብረት ጠርዝ ላይ በአጋጣሚ ትንሽ ጉብታ ተፈጠረች እንበል። ጉብታዋ ወደ ፈሳሹ ስለገባች ሙቀትንና ያልተስማማትን ካርቦን በዙሪያዋ ማስወገድ ይቀላታል። ስለዚህ ከጎረቤቶቿ ቀድማ ታድጋለች። ባደገች ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀላታል። ጎኗ ላይም ሌላ ጉብታ ይወጣል፤ ያው ሕግ እንደገና ይሠራል። ጫፍ የቀደመ ይበልጥ ይቀድማል።

መብረቅም ከሞላ ጎደል በዚሁ መንገድ ነው ቅርንጫፍ የሚያወጣው። የኤሌክትሪኩ ጉልበት የሚበረታው ጫፉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጫፉ አየሩን እየሰነጠቀ ይቀጥላል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩ። ግራሩን የሰነጠቀው መብረቅና ብረቱ ውስጥ ያለው ዛፍ አንዱ ሌላውን አልወለደም። መልካቸውን ያመሳሰለው ሕግ ግን ዘመዳሞች ያደርጋቸዋል። ለኔ ከሰማይ ከመውረዱ ይልቅ ይህ ይበልጥ ይገርማል።

ትልቁ በትንሹ ውስጥ የሚደገምበትን ቅርጽ ቤኑዋ ማንደልብሮት እ.ኤ.አ. በ1975 ፍራክታል ብሎ ሰየመው። ቃሉ የተሰባበረ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ለበዓል የሚወጣውን የመጾር መስቀል አስቡት። ትልቁ መስቀል ክንዱ ላይ ትንንሽ መስቀሎች አሉት፤ ትንንሾቹም ጫፋቸው ላይ ሌላ መስቀል አላቸው። ጮቄ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰውም ያውቀዋል። ጅረቱ ከጅረት፣ ወንዙ ከወንዝ እየተገናኘ ወደ ዓባይ ሲወርድ ካርታው የዛፍ ነው፤ እዚያ ግን ሠሪው ጎርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዊተንና ሳንደር የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች በኮምፒውተር አንድ ቀላል ነገር ሞከሩ። ቅንጣቶች በዘፈቀደ እየተንከራተቱ መሀል ያለችውን ዘር ሲነኩ እዚያው ይለጠፋሉ። በዝርግ ወለል ላይ የሚያድገው ቅርጽ ዛፍ ሆነ፤ የመጠን ቁጥሩም 1.71 ገደማ ወጣ። መስመር 1 ነው፤ የተሞላ ወለል 2 ነው። ዛፉ መሀላቸው ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በተፈጥሮ ያለ ፍራክታል መጨረሻ አለው። የኛ ብረት ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቀንበጥ ብሎ ሦስተኛው ላይ ያበቃል። ዊድማንሽቴተን ደግሞ በመሠረቱ ዛፍ አይደለም። ቢሆንም በባንዶቹ መሀል ፕሌሳይት በሚባለው ጠባብ ቦታ ብዙ ጊዜ ያው የካማሳይትና የቴናይት ጥልፍ በጣም ደቆ ይደገማል። ስለዚህ «መደጋገም አለው፤ እንግዲያውስ ከሰማይ ነው» ማለትም፣ «መደጋገም አለው፤ እንግዲያውስ አይደለም» ማለትም አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት የሚደገመው ምን እንደሆነ ነው።

ዴንድራይትም ሰዓት አለው። በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ብረቱ ለመርጋት የፈጀውን ጊዜ ይከተላል፤ ጊዜው 1000 እጥፍ ቢረዝም ክፍተቱ በግምት 10 እጥፍ ይሰፋል። የኛው ክፍተት በማይክሮስኮፕ ሲለካ ከሚሊ ሜትር በብዙ ያነሰ ነበር። ይህ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ በደቂቃዎች የረጋ ብረት ነው።

ለሙሉነት የኒኬል ፈተናም አደረግን። የኬሚስትሪ መምህራችን ዳይሜቲልግላዮክዚም የሚባል ዱቄት ነበራቸው። አሞኒያ ባለበት ኒኬል ሲያገኝ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። መጀመሪያ በኒኬል ሰልፌት ሞከርነው፤ ወዲያው ሮዝ ሆነ። ከብረቱ ላይ በአሲድ በተወሰደው ጠብታ ግን ሮዝ አልታየም።

መልሱ እንግዲህ ጊዛ ነው፤ ካስት አይረን። ካርቦኑ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን፣ 1,200 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ፣ ክብደቱ በሊትር 7.1 ወይም 7.2 ኪሎ የሆነ ብረት። ጥቁሩ ዱቄት ግራፋይቱ ነው። በመዶሻ ሲመታ እንደ ገል የተሰበረውም ለዚህ ነው። የብዙ ሜትሮራይት ብረት በመዶሻ ይጠፈጠፋል፤ ጊዛ አይጠፈጠፍም። ባለ እጁ በአንድ ምት የነገራቸውን እኛ ሦስት ቀን ፈጅተን ደረስንበት።

ግን ጤፍ ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል? ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስናነሳው አንዱ ፊት ጎበጥ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሲባጎ ወጠርንበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር፤ መሀሉ ላይ ጉብታው 1 ሴንቲ ሜትር። ሲሰላ ራዲየሱ 32.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ማለትም 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የከባድ ጎማ ቁራጭ ነው። ቮላኖ የሚባለው የድሮ ዲዝል ሞተር ከባድ የብረት ጎማ ይህን ያህል ነው።

«ቮላኖ» ስል ሽማግሌው ቀና አሉ። ከማሳው በላይ፣ ወንዙ ዳር፣ እሳቸው ወጣት ሳሉ ወፍጮ ነበር። ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ትልቁ ጎማ ተሰንጥቆ ወፍጮው ቆመ። ስብርባሪው የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም። ከፊሉን ሰው ለድንበር ድንጋይ ወስዶት ይሆናል አሉ። ድንበር የሚለው ቃል ሲወጣ ሁለቱም ወንድማማቾች መሬት መሬት አዩ።

ታላቅየው ማጉያውን ለመነኝና ክፍተቷን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ መነጽሩን ለታናሹ አቀበለው። «ወደ ቀኝ አድርገህ እይ፤ አንዷ ቅርንጫፏ ተሰብራለች» አለው።

አንዱን ግማሽ ለማስተማሪያ ተዉልኝ። ሌላውን በከረጢቱ ይዘው ተመለሱ። ከወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቢቸና ስሄድ ባለ እጁን ፈልጌ አገኘሁት። ግማሹን ይዤለት ነበር። በአሲድ የተበላውን ፊት በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ክፍተቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ፤ ልጁንም ጠርቶ አሳየው። «ሲፈስ የረጋ ነው ብዬ ነበር» አለኝ። «እንዲህ አብቦ ግን አይቼው አላውቅም።»